መኪናዋ ለምን አልነሳም አለች? ከመቀየር በፊት መመርመር

በዚህ አምድ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚነበበው ስለ አገራችን ፖለቲካ፣ ስለ ታሪካችንና ስለ መጪው ዕጣችን ነው። እነዚያን ጉዳዮች ለሚያውቋቸው ትቼ ዛሬ ስለ መኪና እንድጽፍ ይፈቀድልኝ። ነገሩ ተራ ሊመስል ይችላል። ይሁንና እንደ እኔ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል መንትያ ከተሞች የሚኖር ሰው፣ በጥር ማለዳ ቁልፉን አዙሮ መኪናው እምቢ ስትለው የሚሰማውን ስሜት ጠንቅቆ ያውቀዋል። በዚያች ሰዓት ዶክተሩም፣ ታክሲ ነጂውም፣ የፓርኪንግ ሠራተኛውም እኩል ናቸው። የሚለያዩት የቀረ ዕለት ደመወዙ የሚቆረጥበትና የማይቆረጥበት በመሆናቸው ብቻ ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ የራሴ ጥፋት ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። ሴንት ፖል ውስጥ በምንኖርበት ሕንፃ ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እናት አሉ። በአረጋውያን መጦሪያ የነርስ ረዳት ሆነው ይሠራሉ፤ ሥራቸው የሚጀምረው ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። አንድ ቀን ደወሉልኝና፣ «ልጄ፣ መኪናዬ ቀጭ ቀጭ ትላለች እንጂ አልነሳ አለች። አንተ ኢንጂነር አይደለህ? ምን ይሻለኛል?» አሉኝ። እኔም ከተቀመጥኩበት ሳልነሳ፣ «ባትሪ ነው፤ ያስቀይሩት» አልኳቸው። አስቀየሩት። መኪናዋ ተነሳች፤ እኔም ተመሰገንኩ።

ከሳምንት በኋላ ብርዱ ሲበረታ መኪናዋ እንደገና እምቢ አለች። አንድ ጋራዥ አስጎትተው ወሰዷት፤ ሞተሪኖ ተቀየረላት። ተነሳች። በአምስተኛው ቀን፣ ገና ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። «ልጄ፣ በእንቅልፍህ መጣሁብህ፤ ይቅር በለኝ። ዛሬም እምቢ አለች። ሁለት ቀን በመቅረቴ ማስጠንቀቂያ ጽፈውብኛል። ሦስተኛ ቀን ከቀረሁ ያስወጡኛል።»

ለባትሪው፣ ለመጎተቻውና ለሞተሪኖው የከፈሉት ተደምሮ ከአንድ ወር የቤት ኪራይ የሚተናነስ አልነበረም። የዚያ ወጪ መነሻ ደግሞ ሳላይ የሰጠሁት መልስ ነው። «እትዬ፣ መኪናዋን ለጊዜው ይተዉአት፤ ካፖርትዎን ይልበሱ፣ እኔ አደርስዎታለሁ» ብዬ ሥራቸው አደረስኳቸው። ቀትር ላይ የቮልት መለኪያዬን ይዤ ተመለስኩ። ያገኘሁትን ከመናገሬ በፊት ግን ብርድ በመኪና ላይ ምን እንደሚሠራ እንመልከት፤ አለዚያ ያገኘሁት ነገር ትርጉም አይኖረውም።

ብርድ ሦስት ነገሮችን በአንድ ጊዜ ያደርጋል

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 30 ቀን 2019፣ በእኛ አቆጣጠር ጥር 22 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ በሚኒያፖሊስ-ሴንት ፖል አውሮፕላን ማረፊያ የተመዘገበው ዝቅተኛ ሙቀት ከዜሮ በታች 28 ዲግሪ ፋራናይት ነበር። በሴልሺየስ ከዜሮ በታች 33 መሆኑ ነው። በዚያ ዕለት ፖስታ ቤቱ እንኳ በሚኒሶታ ደብዳቤ ማደሉን አቋርጦ ነበር። የሚኒሶታ ክፍለ ግዛት የብርድ ክብረ ወሰን ግን ከዚህም የባሰ ነው፤ ታወር በምትባል ሰሜናዊ ከተማ አቅራቢያ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1996 ከዜሮ በታች 60 ፋራናይት ተለክቷል። በአዲስ አበባ የኅዳር ውርጭ ላደግን ሰዎች ይህ ሌላ ዓለም ነው።

አንደኛ፣ ብርድ ባትሪውን ያደክመዋል። ባትሪ ኃይልን እንደ ጋን ውሃ አጠራቅሞ የሚይዝ ዕቃ አይደለም። በእርሳስ ሰሌዳዎቹና በሰልፈሪክ አሲዱ መካከል በሚካሄድ ኬሚካዊ ለውጥ ነው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው፤ ይህ ለውጥ ደግሞ ሲበርድ ይዘገያል። በሞቃት ቀን ሙሉ ጉልበት የሚሰጥ ባትሪ፣ ከዜሮ በታች 18 ሴልሺየስ ላይ፣ ማለትም በዜሮ ፋራናይት፣ የሚሰጠው ጉልበት ወደ 40 በመቶ ገደማ ይወርዳል።

ሁለተኛ፣ ብርድ ሞተሩን ከባድ ያደርገዋል። በማለዳ ከማሰሮ ማር ለመቅዳት የሞከረ ሰው ይህን ለመረዳት ማስተርስ አያስፈልገውም። ዘይቱ ስለሚወፍር ሞተሩን ለማዞር ከሞቃት ቀን እጥፍ ያህል ጉልበት ሊጠይቅ ይችላል። እንግዲህ ጉልበቱ ከግማሽ በታች በወረደበት ሰዓት ሸክሙ እጥፍ ሆነ ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ብርድ ነዳጁን ያስቸግረዋል። የሚቃጠለው ፈሳሹ ቤንዚን ሳይሆን እንፋሎቱ ነው፤ ቤንዚን ሲበርድ ደግሞ በቀላሉ አይተንም። ስለዚህ የቤንዚን አምራቾች በብርዱ ወራት ቶሎ የሚተን ቅልቅል ያቀርባሉ፤ ዘመናዊው መኪናም ሲነሳ ከወትሮው የበለጠ ነዳጅ ይረጫል።

በዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት ላርም። የአየር ትንበያው «በነፋሱ ምክንያት ከዜሮ በታች 50 ሆኖ ይሰማል» ሲል የሚናገረው ስለ ሰው ቆዳ ነው። ቆማ ያደረች መኪና ነፋሱ ቶሎ እንድትቀዘቅዝ ያደርጋታል እንጂ ከአየሩ ሙቀት በታች አያወርዳትም። የእናንተ ጣት ግን ይጎዳልና ጓንት አትርሱ።

መኪናዋ የምትለውን እንስማ

በጉለሌ ዳገት ያደግነው የሰፈር ልጆች የጎረቤታችንን ሴይቼንቶ በየጠዋቱ ገፍተን እናስነሳ ነበር። ባለቤቱ የነዳጁን ፔዳል ደጋግመው ይረግጣሉ፣ እኛ እንገፋለን፣ እሳቸው ሁለተኛ ማርሽ አስገብተው ፍሪሲዮኑን ሲለቁ ሞተሩ ይነሳል። መንኮራኩሩ ሞተሪኖውን ተክቶ ሞተሩን ያዞር ነበር ማለት ነው። ያ ልማድ እዚህ አይሠራም። አብዛኞቹ የዚህ አገር መኪኖች ካምቢያቸው አውቶማቲክ ነው፤ ሞተሩ ካልዞረ መንኮራኩሩንና ሞተሩን የሚያገናኘው የዘይት ግፊት ስለማይኖር ብትገፉ ላብ ብቻ ነው የምታተርፉት። ፔዳል መርገጡም የካርቡራቶር ዘመን ልማድ ነው። ነዳጁን ኮምፒዩተር በሚለካበት መኪና ላይ ቁልፉን ከማዞር በፊት ፔዳል መርገጥ ምንም አይጨምርም።

እንግዲህ የቀረን መሣሪያ ጆሯችን ነው። ቁልፉ ሲዞር መኪናዋ ከአምስት አንዱን ትላለች።

ፍጹም ዝምታ። የዳሽቦርዱም መብራት ካልበራ ባትሪው ባዶ ሆኗል ወይም የባትሪው ጫፍ ላልቷል። መብራቱ ደምቆ በርቶ ሞተሪኖው ብቻ ዝም ካለ፣ ማርሹን ከ«ፓርክ» ወደ «ኒውትራል» አድርጋችሁ እንደገና ሞክሩ፤ ማርሹ የት እንዳለ የሚያሳውቀው ማብሪያ ሲበላሽ እንዲህ ያደርጋል። በቁልፍ ፈንታ አዝራር የሚጫን መኪና ከሆነም በኪሳችሁ ያለው ቁልፍ ትንሿ ባትሪ በብርድ ደክማ ሊሆን ይችላል።

ፈጣን ቀጭ ቀጭ ቀጭ። ሞተሪኖው ሊይዝ ይሞክራል፣ ኃይሉ ይወድቅበታል፣ ይለቃል፣ እንደገና ይሞክራል። እዚህ ላይ የፊት መብራቱን አብርታችሁ ቁልፉን አዙሩ። መብራቱ ጨርሶ ከደበዘዘ ጥርጣሬው በባትሪውና በጫፎቹ ላይ ነው። መብራቱ ሳይደበዝዝ ቀጭ ቀጭ ካለ ግን ኃይሉ አለ፤ ሞተሪኖው ጋ አልደረሰም። ይህችን ልዩነት አደራ ያዙልኝ።

አንድ ጠንካራ «ቀጭ» ብቻ። አብዛኛውን ጊዜ የሞተሪኖው ወይም የገመዱ ችግር ነው።

እያቃሰተ መዞር። ባትሪው ደክሟል፣ ወይም ዘይቱ ወፍሯል፣ ወይም ገመዱ ኃይል እየሰረቀ ነው።

በደንብ እየዞረ አለመነሳት። እዚህ ላይ ባትሪ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው። ሞተሩ ከዞረ የጎደለው ነዳጅ ወይም የካንዴላ እሳት ነው፤ አለዚያም ኮምፒዩተሩ ቁልፉን አላወቀውም። የቤንዚን ሽታ ከሸተታችሁ ሞተሩ ነዳጅ በዝቶበት ታፍኗል። ፔዳሉን እስከ ወለሉ ድረስ ረግጣችሁ ይዛችሁ ሞተሩን አዙሩ፤ በብዙ መኪኖች ላይ ይህ ኮምፒዩተሩ ነዳጁን እንዲዘጋና ሞተሩ እንዲተነፍስ ትእዛዝ ነው። በማንኛውም ሁኔታ ሞተሪኖውን ከአሥር ሴኮንድ በላይ በተከታታይ አታዙሩት፤ አንድ ሁለት ደቂቃ አሳርፉት፣ ይግላልና።

ቀጥሎ መለካት

ጆሮ ጥርጣሬን ያጠብባል፤ ፍርድ የሚሰጠው ግን መለኪያ ነው። ተራ የቮልት መለኪያ ከአንድ ምሳ ዋጋ ብዙም አይበልጥም። ሌሊቱን ያረፈ ባትሪ 12.6 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.4 ሦስት አራተኛ ያህል፣ 12.2 ግማሽ ያህል ነው፤ ከ12 በታች ከሆነ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ሰው ቁልፉን ሲያዞር ንባቡ ከ9.6 በታች አጥብቆ ከወረደ ባትሪው ሸክም አይችልም። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ደግሞ ከ13.5 እስከ 14.8 ባለው መካከል ካልሆነ ጥፋቱ ባትሪውን የሚሞላው የዲናሞው፣ እዚህ አልተርኔተር የሚባለው ነው። ዲናሞው ከሞተ አዲስ ባትሪ ብትገዙም በጥቂት ቀናት ይሞታል።

አሁን ወደ ጎረቤቴ መኪና ልመለስ። አዲሱ ባትሪ 12.5 ቮልት አለው። ቁልፉን ሳዞር ቀጭ ቀጭ ይላል፤ የፊት መብራቱ ግን አልደበዘዘም። ስለዚህ ባለቤቴን ቁልፉ ጋ አስቀምጬ፣ የመለኪያውን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን በሞተሩ ራቁት ብረት ላይ አደረግሁ። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ወፍራም ገመድ ብቻ ስለሆነ ሞተሪኖው ሲሠራ ንባቡ ከግማሽ ቮልት መብለጥ የለበትም። መለኪያው 4 ቮልት አሳየኝ።

ግራውንድ የሚባለው ይኸው ገመድ ሞተሩ ላይ የሚታሰርበት ቦታ በመንገድ ጨው ተበልቶ አረንጓዴ ዱቄት ለብሷል። ፈታሁት፣ በሽቦ ብሩሽ ፈገፈግሁት፣ መልሼ አጠበቅሁት። መኪናዋ በመጀመሪያው ሙከራ ተነሳች። ሥራው ሃያ ደቂቃ ፈጀ፤ የመለዋወጫ ወጪው ዜሮ ነበር።

ታዲያ ባትሪው ሲቀየርና ሞተሪኖው ሲቀየር ለምን ተነሳች? እኔን ያሳፈረኝም ያስተማረኝም ይህ ጥያቄ ነው። ባትሪው በተቀየረ ሰሞን ብርዱ ቀለል ብሎ ነበር፤ ሞተሪኖው ሲቀየር ደግሞ ያ ገመድ ተነካክቶ ለጊዜው ተሻለው። የኦም ሕግን እናስታውስ፤ የሚባክነው ቮልት ገመዱ ላይ ያለው ተቃውሞ በሚያልፈው አምፔር ሲባዛ ነው። በዚያ ዝገት ላይ ሁለት መቶኛ ኦም ተቃውሞ ነበረ እንበል። ለዘብ ባለ ቀን ሞተሪኖው 120 አምፔር ቢጠይቅ 2.4 ቮልት ይባክናል፤ መኪናዋም እያቃሰተች ትነሳለች። ዘይቱ ሲወፍር 200 አምፔር ቢጠይቅ 4 ቮልት ይባክናል፤ ሞተሪኖውም ይይዛል ይለቃል። ሕመሙ ያው ሆኖ የሚለዋወጠው አየሩ ነበር። እኛ ግን ዕቃ በቀየርን ቁጥር አየሩም አብሮ መቀየሩን ሳናይ ምስጋናውን ለዕቃው ሰጠን።

ሕይወት የሚያስከፍሉ ስህተቶች

ባዶ ባትሪ በረዶ ይሆናል። ሙሉ ኃይል ያለው ባትሪ ከዜሮ በታች 50 ሴልሺየስ ላይ እንኳ አይረጋም፤ ባዶ የሆነው ግን ከዜሮ በታች 10 አካባቢ ይረጋል፣ ምክንያቱም አሲዱ ወደ ውሃነት ተጠግቷል። ጎኑ ያበጠ ወይም የተሰነጠቀ ባትሪ ካያችሁ ከሌላ መኪና ኃይል አትስጡት፤ ሊፈነዳ ይችላል።

ጃምፐር ኬብል ስትጠቀሙ ቅደም ተከተሉን አትዘንጉ። ቀዩን በሞተው ባትሪ ፖዘቲቭ፣ ከዚያ በደህናው ፖዘቲቭ፤ ጥቁሩን በደህናው ኔጌቲቭ፣ የመጨረሻውን ጫፍ ግን በሞተው ባትሪ ላይ ሳይሆን ራቅ ባለ የሞተር ብረት ላይ እሰሩ። ባትሪ የሚቀጣጠል ሃይድሮጂን ጋዝ ያወጣል፤ የመጨረሻው ግንኙነት ደግሞ ብልጭታ አለው። ሲፈታ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ መኪና በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አታሙቁ፤ በሩን መክፈት ብቻውንም በቂ አይደለም፣ አውጡት። በአገራችን ከሰል ቤት ውስጥ አንድዶ የተኛ ቤተሰብ ሳይነቃ እንደሚቀር ሁላችንም ሰምተናል። የከሰሉ ገዳይ ጋዝና የመኪናው ገዳይ ጋዝ አንድ ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ። ሽታም ቀለምም የለውም። ውጪ ያደረ መኪናም ቢሆን የጭስ ማውጫው በበረዶ ከተደፈነ ጋዙ ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላልና ከማስነሳታችሁ በፊት ጥረጉት።

ሳይቃጠል በቅጠል

ባትሪ በአብዛኛው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያገለግላል። በዚህ አገር ብዙ የመለዋወጫ መደብሮች በነፃ ይመረምሩታል፤ በጥቅምት ማስመርመር ጥር ላይ ከመለመን ያድናል። ስትገዙ በላዩ ላይ የተጻፈውን የቀዝቃዛ ማስነሻ አምፔር ተመልከቱ። ባትሪው በዜሮ ፋራናይት ለ30 ሴኮንድ ሊሰጥ የሚችለው የአምፔር መጠን ነው፤ አምራቹ ከሚጠይቀው አያንስ።

በዘይቱ ቆርቆሮ ላይ ካለው ቁጥር ጎን ያለው «ደብሊው» ዊንተር ማለት ነው። 10 ደብሊው የሆነ ዘይት ለሞተር ማዞር የሚፈተነው ከዜሮ በታች 25 ሴልሺየስ ላይ ነው፤ 5 ደብሊው ከዜሮ በታች 30፣ 0 ደብሊው ደግሞ ከዜሮ በታች 35 ላይ። በዚያ በ2019ኙ ማለዳ 10 ደብሊው የያዘ ሞተር ከተፈተነበት ገደብ 8 ዲግሪ ያህል ወርዶ ነበር። የመኪናችሁ መመሪያ ከሚፈቅዳቸው መካከል ቀጠን ያለውን መምረጥ ለሚኒሶታ ሰው ይጠቅማል።

መሰኪያ ላለው ሰው የሞተር ማሞቂያ መልካም ነገር ነው። በጎረቤታችን በሰሜን ዳኮታ፣ ግራንድ ፎርክስ ይኖር የነበረ አንድሩ ፍሪማን የተባለ ሰው በሞተር ብሎን ውስጥ የሚገባ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1949 የፈጠራ መብት አግኝቶበታል። ያም ባይኖር፣ አጫጭር መንገድ ብቻ የምትነዱ ከሆነ በሳምንት አንድ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ያህል በፍጥነት መንገድ ላይ ንዱ፤ ማስነሳቱ የወሰደውን ኃይል ዲናሞው የሚመልስበት ጊዜ ያስፈልገዋል።

በመንገድ ዳር መኪና የምናሳድር ሰዎች ደግሞ ሌላ ዕዳ አለብን። ከባድ በረዶ ጥሎ ሚኒያፖሊስ ወይም ሴንት ፖል የበረዶ አስቸኳይ አዋጅ ሲያውጁ፣ ከተከለከለው ጎን ያልተነሳ መኪና ቅጣት ይለጠፍበትና ይጎተታል። «አልነሳ ብሎኝ ነው» ማለት ከመጎተት አያስጥልም። ስለዚህ የደከመ ባትሪ ሥራ ብቻ ሳይሆን መኪናውንም ያሳጣል።

ለመሰናበቻ

አውሮፓና አሜሪካ ሞተርን በማኖቬላ እያዞሩ ክንዳቸውን ይሰብሩ በነበረበት ዘመን፣ ቻርልስ ኬተሪንግ የሠራው የኤሌክትሪክ ማስነሻ እ.ኤ.አ. በ1912ቱ ካዲላክ ላይ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ቁልፍ ማዞር ቀላል ሆነ፤ ከኮፈኑ ሥር ያለውን ማወቅም ለሌላ ሰው የሚተው ሥራ መሰለን። ከእጅ ሙያ ያራቀን ይህ ብቻ አይደለም። ብረት የሚነካን ሰው «ቀጥቃጭ» እያለ ከሚሰድብ ባህል ስለመጣን፣ ዲግሪ ሲጨመርበት እጃችን ከዘይት ይበልጥ ይሸሻል። ምላሳችን ግን አይሸሽም። ሳናይ እንመልሳለን፤ ዲግሪ ስላለን እንታመናለን፤ ወጪውን የሚከፍለው ጠያቂው ነው።

ያን ዕለት ማታ ለጎረቤቴ የባትሪውን ዋጋ ልመልስ ብዬ ፖስታ ይዤ በራቸውን አንኳኳሁ። አልቀበልም አሉ። «ባትሪው ምን አደረገ? ይሠራል አይደል?» ብለው ሳቁ። ቡና አፍልተው ሁለተኛውን ሲኒ ሲሰጡኝ ግን ቀስ ብለው እንዲህ አሉኝ፦ «ሌላ ጊዜ መጀመሪያ እይልኝ፤ ከዚያ ንገረኝ።»



ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ